የመጋቢያችን ደመወዝ ጉዳይ ሁልጊዜ «በጸሎት ይያዝ» ይባላል። ምን ላድርግ?

ሣጥን ጠባቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የአንዲት መካከለኛ አጥቢያ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሙያዬ ሒሳብ አይደለም፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። «አንቺ ጠንቃቃ ነሽ» ተባልኩ፣ ቁልፉ ተሰጠኝ፣ በዚያው ቀረሁ።

ጉዳዬ የመጋቢያችን ደመወዝ ነው። 4 ዓመት ሙሉ ምንም አልተጨመረበትም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁሉም የማያውቀውን ግን ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር የጥቃቅን ወጪ ሣጥኑን ስቆጥር ጎደለኝ። እንደገና ቆጠርኩ፣ አሁንም ጎደለ። ላብ ላብ አለኝ። ከዚያ ከሣጥኑ ሥር አራት ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። የእሑድ የአምልኮ መርሐ ግብር የሚታተምበት ወረቀት ነው፣ ለሁለት የተቀደደ። ከፊቱ የመዝሙር ቁጥር አለ። ከጀርባው በመጋቢያችን ጽሕፈት «ከደመወዜ የሚታሰብ» ይላል። ከሥሩ መጠኑ፣ ቀኑ፣ ፊርማቸው። የሣጥኑ ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው፣ ስለዚህ የደበቁት ነገር የለም። መጠኑም ትንሽ ነው።

ቀኖቹን ከመዝገቤ ጋር አመሳከርኩ። አራቱም እኔ ደመወዝ ያዘገየሁባቸው ወራት ናቸው። አንዱ ላይ 12 ቀን አዘግይቻለሁ።

ለምን አዘገየሁ? ማንም አዘግዪ አላለኝም። ከእኔ በፊት የነበረው ገንዘብ ያዥ እንዳሳየኝ ነው የምሠራው። መባው ይቆጠራል፣ መብራትና ውኃ ይከፈላል፣ የሕንፃው ብድር ይከፈላል፣ የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ይከፈላል። መጋቢው ከተረፈው ይከፈላቸዋል። መብራት ኃይል ይቆርጣል፣ ባንክ ይቀጣል። መጋቢው ግን ምንም አይሉም። ዝም ብዬ ሳስበው ቅደም ተከተሉን ያወጣነው በሚጮኸው ሰው ልክ ነው።

ሌላም አለ። የታመመ ሊጠይቁ የሚሄዱበት ትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ፣ ለወጣቶች ትምህርት የሚያባዙት ወረቀት፣ አንድም ቀን ደረሰኝ አምጥተውልኝ አያውቁም። አንዴ ጠየቅኳቸው። «ተይው ልጄ፣ ትንሽ ናት» አሉኝ።

የጉባኤው ሰሞን ደግሞ ተጋባዥ ሰባኪ መጡ። ሁለት ቀን ሰበኩ። የሰጠናቸው ገንዘብ የመጋቢያችንን የሦስት ሳምንት ደመወዝ ያክላል። ፖስታውን ያሸግኩት እኔ ነኝ። በሁለት እጃቸው ያቀበሏቸው ደግሞ መጋቢያችን ናቸው።

በኮሚቴ ሁለት ጊዜ አንስቼዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ «በጸሎት ይያዝ» ተባለ፣ ተያዘ። ሁለተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ «አገልግሎት ጥሪ እንጂ ሥራ አይደለም» አሉ። መጋቢያችን እዚያው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛውን እያዩ «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አሉ። የሚቀጥለው አጀንዳ አዲስ የድምፅ ማጉያ መግዛት ነበር። በአሥር ደቂቃ አለቀ። እሱን ማንም በጸሎት አልያዘውም።

እንዳይመስላችሁ፣ ሰዎቹ መጋቢያቸውን አይንቁም። ሲገቡ ሁሉም ይነሳል። ቦርሳቸውን ለመያዝ ሰው ይሽቀዳደማል። እኔም ከነዚያው አንዷ ነኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እሳቸው አጉረመረሙ ሳይባል ነገሩን እንዴት ነው የማነሳው? ደግሞስ ለመጋቢ ተገቢ ክፍያ የሚባለው በምን ይለካል?

---

ቃሉ ይበቃል

ለጌታ የሚሠራ ከጌታ ይቀበላል። አራት ነጥብ።

---

የመጋቢ ልጅ

እህቴ፣ ስለ ወረቀቶቹ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። አባቴም እንደዚያ ያለ ጽሕፈት ነበረው።

31 ዓመት ነው ያገለገለው። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን አጥቢያው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ያዝኑልናል። ደመወዙን ግን አያስተካክሉትም። በዓመት አንዴ ሁለቴ በከረጢት ልብስ ይመጣልናል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከከረጢቱ ቢጫ ቀሚስ ወጣ፣ ኪሱ ላይ ቢራቢሮ የተጠለፈበት። ወደድኩት። እሑድ ለብሼው ሄድኩ። የልጆች ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ጠጋ ብላ «የግራ ኪሱ ቀዳዳ አለው አይደል? እኔ ነኝ በእርሳስ የበሳሁት» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። እጄን ከተትኩ። ቀዳዳው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለበስኩትም። እናቴ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

እናቴ ልብሱን ያመጡትን ሴትዮ በየእሑዱ ነበር የምታመሰግነው። ወራት ሙሉ። ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ማንንም አናመሰግንም ነበር። አባባ ፈርሞ ይቀበል ነበር፣ አለቀ። ስጦታ ክፉ ነው አላልኩም። የደመወዝን ቦታ ሲይዝ ግን ቤተሰቡን ሁሉ ባለ ዕዳ ያደርገዋል። ዕዳው ደግሞ በስብከት ይከፈላል። አባቴ እነዚያን ሴትዮ የሚነካ ነገር ሰብኮ አያውቅም፣ መሰበክ የነበረበት ነገር ቢኖርም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ስለ ጡረታ ጠይቂ። የምንኖርበት ቤት የቤተ ክርስቲያን ነበር። «ቤት አላችሁ እኮ» ይሉን ነበር። አባቴ 67 ዓመት ሲሞላው የሽኝት ፕሮግራም ተደረገለት፣ ተለቀሰ፣ ስሙ የተቀረጸበት ትልቅ መስታወት ተሰጠው። በማግስቱ ጸሐፊው ደወለ። አዲሱ መጋቢ ስለሚገቡ ቤቱን በ2 ወር ልቀቁ አለን። መስታወቱ አሁን እኔ ቤት ነው ያለው። አባባ የሚሰቅልበት ግድግዳ አልነበረውም።

---

አንዴ የተቃጠለ

የሁላችሁንም አነበብኩ፣ አዘንኩም። ግን እኔ ከሌላ በኩል ነው የመጣሁት።

የነበርኩበት ቤት መሪው ቀለል ባለ መንገድ ጀመረ። «የአገልጋይ ክብር» በሚል ስብከት። ከዚያ አገልጋይን ያላከበረ አይባረክም መጣ። ከዚያ ዘር ዝሩ። ሒሳቡን የሚያውቁት እሱና ባለቤቱ ናቸው። ኦዲት ሲባል «በተቀባው ላይ እጅህን አታንሣ» ይባላል። እኔ ያንን ገንዘብ የሰጠሁት ከልጄ የትምህርት ክፍያ ላይ ነው። ስወጣ ማንም አልሸኘኝም፣ ስሜ ከመድረክ ተነሣ ብቻ።

ስለዚህ «እጥፍ ክብር» የሚል ጥቅስ ስሰማ ኪሴን ነው የምይዘው። ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ጥንትም እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ዲዳኬ የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መመሪያ በግልጽ ጽፎታል። ዟሪ ሐዋርያ ሲመጣ ተቀበሉት ይላል። አንድ ቀን ይቆይ፣ ቢያስፈልግ ሁለት። ሦስት ቀን ከቆየ ሐሰተኛ ነብይ ነው። ሲሄድ እስከሚቀጥለው ማረፊያው የሚያደርሰውን እንጀራ ብቻ ይያዝ። ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነብይ ነው። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤም በሁለተኛው ቀኖናው በገንዘብ የሚሾም ጳጳስ ከማዕረጉ እንዲወርድ ወስኗል። አንድ ጉባኤ ሕግ የሚያወጣው ነገሩ ሲደረግ ስላየ ነው።

ያንቺ መጋቢ እንደዚያ አይደሉም፣ ገብቶኛል። ግን ደመወዝ ይጨመር ከማለትሽ በፊት ማን ነው የሚወስነው፣ ማን ነው የሚያየው የሚለውን አስቢ።

---

ድንኳን ሰፊው

ስሜን አይታችሁ ገምታችኋል። ቀን ቀን ኤሌክትሪክ እሠራለሁ፣ ማታና እሑድ አንዲት ትንሽ ማኅበር አገለግላለሁ። ደመወዝ የለኝም። ስለዚህ ለራሴ አልከራከርም።

ወንድሜ «አንዴ የተቃጠለ»፣ ዲዳኬን ስለጠቀስክ ደስ ብሎኛል። ግን ገጹን ግለጠው። ያ የጠቀስከው ምዕራፍ 11 ነው። ምዕራፍ 13 ላይ ደግሞ በመካከላችሁ ሊቀመጥ የሚፈልግ እውነተኛ ነብይ ምግቡ ይገባዋል፣ እውነተኛ መምህርም እንደዚሁ ይላል። ከወይኑም ከእህሉም ከበሬና ከበጉም በኩራቱን ስጡት ይላል። ነብይ ከሌላችሁ ለድሆች ስጡ ይላል። ያው ጽሑፍ ነው። የሚያልፈውን ይጠረጥራል፣ የሚኖረውን ይመግባል። እኛ ገለበጥነው። ሁለት ቀን ሰብኮ ለሚሄደው ፖስታ፣ አብሮን ለሚኖረው ጸሎት።

ጳውሎስን እያነሱ «እሱ ድንኳን ይሰፋ ነበር» የሚሉ ሽማግሌዎችን እኔም አውቃለሁ። እኔን እያሳዩ ሌላውን ይወቅሱበታል፣ እሱ ያናድደኛል። እስቲ 1 ቆሮንቶስ 9ን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። በገዛ ገንዘቡ ወታደር የሚሆን ማን ነው? ወይን ተክሎ ፍሬውን የማይበላ ማን ነው? እያለ ይሟገታል። ቁጥር 14 ላይ ወንጌልን የሚሰብኩ ከወንጌል ቀለብ እንዲቀበሉ ጌታ ደንግጓል ይላል። መብቱን አስረግጦ ካቆመ በኋላ ነው እኔ ግን አልተጠቀምኩበትም የሚለው። የተወው ባለመብቱ ራሱ ነው። የቆሮንቶስ ኮሚቴ አልተወለትም።

እንዲያውም ድንኳኑንም ሁልጊዜ አልሰፋም። በሐዋርያት ሥራ 18 ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ይሰፋል። ሲላስና ጢሞቴዎስ ከመቄዶንያ ሲመጡ ግን በቃሉ ብቻ ተጠመደ ይላል። ለምን? 2 ቆሮንቶስ 11፥9 ላይ ራሱ ይነግረናል። ከመቄዶንያ የመጡት ወንድሞች የጎደለውን አሟሉለት። ገንዘቡ ሲደርስ መርፌው ተቀመጠ። ፊልጵስዩሶች ተሰሎንቄ ሳለ እንኳ አንድ ሁለት ጊዜ ልከውለታል። ቆሮንቶሶችን ደግሞ «ሸክም አልሆንኩባችሁም፣ ይህን በደል ይቅር በሉኝ» ይላቸዋል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ሁሌ ፈገግ እላለሁ። ሰውዬው ሽሙጥ ያውቃል።

አሁን ወደ «እጥፍ ክብር» ልምጣ፣ 1 ጢሞቴዎስ 5፥17። በመልካም የሚያስተዳድሩ ሽማግሌዎች እጥፍ ክብር ይገባቸዋል የሚለው ነው። በግሪኩ ክብር የተባለው ቃል ቲሜ ነው። ቲሜ ክብርም ነው፣ ዋጋም ነው። ይሁዳ የመለሰውን ብር ካህናቱ «የደም ዋጋ» ሲሉት ማቴዎስ የጻፈው ይህንኑ ቃል ነው። ሰዎች መሬታቸውን ሸጠው ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ሲያኖሩም ያው ቃል ነው። እዚያው 1 ጢሞቴዎስ 5 ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ «መበለቶችን አክብር» ይላል። ምን ማለቱ እንደሆነ ቁጥር 16 ላይ ይገባሃል፣ ስለሚረዷቸው ነው የሚያወራው። ለሽማግሌዎቹም ወዲያው «የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር» የሚለውን ይጠቅሳል፣ አስከትሎም «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» ይላል። ሰው ሲገባ ከወንበር ስለመነሣት እያወራ አይደለም። ወይም ስለሱ ብቻ አይደለም።

«ቃሉ ይበቃል» ለሚለው ወንድማችን፦ ከጌታ ይቀበላል ያልከው ልክ ነው። ጌታ በማን እጅ እንደሚሰጥ ግን ሉቃስ 10፥7ን እይ። የገቡበት ቤት ነው የሚያበላቸው።

---

ቃሉ ይበቃል

እሺ። ግን ሀብታም መጋቢ አይቼ አላውቅም ትሑት ሆኖ።

---

ድንኳን ሰፊው

እኔ ደግሞ ድሃ ሆኖ ትዕቢተኛ የሆነ አይቻለሁ። በመስታወት።

---

ሣጥን ጠባቂ

ሳቅኩ። አመሰግናለሁ።

«የመጋቢ ልጅ»፣ ቀሚሱ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኛም ከረጢት እንወስዳለን። ባለፈው ዓመት ያስተባበርኩት እኔ ነበርኩ። ከዚህ በላይ ምን እንደምል አላውቅም።

«አንዴ የተቃጠለ»፣ ወንድሜ፣ አንተ ያልከው ነው ያሳሰበኝም። ኮሚቴያችን ውስጥ ካንተ ጋር ተመሳሳይ ነገር ያየ ሰው አለ። ደመወዝ ሲነሳ ፊቱ ይለወጣል። እስካሁን ቆንቋና ብዬ ነበር የምገምተው። አሁን ሳስበው የፈራ ሰው ነው።

ግን አንድ ነገር ልበልህ። ያንተ መሪ ሒሳቡን ማንም አላየበትም። የኔም መጋቢ የሚከፍሉትን ማንም አላየላቸውም። ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ብሎ ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲሄዱ አደረገ፣ 2 ቆሮንቶስ 8 ላይ። ሁሉም ነገር ተጽፎ በአጥቢያው ፊት ቢቀርብ ያንተን መሪ ያቆመው ነበር፣ የኔን መጋቢ ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ከመበደር ያድናቸው ነበር።

ሰሞኑን ነህምያ 13ን እያነበብኩ ነው። የሌዋውያኑ ድርሻ ሳይሰጣቸው ቀረ፣ ሌዋውያኑና መዘምራኑ እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሹ ይላል። ሌዋዊ መሬት ርስት የለውም፣ አሥራቱ ነው ርስቱ። ነህምያ ሹማምንቱን «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» ብሎ ተቆጣቸው። ወደ እርሻ የሮጡትን አልተቆጣም። ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ገንዘብ ያዥ ሾመ! አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ሌዋዊ፣ ረዳትም ጨመረላቸው። የታመኑ ናቸውና፣ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማካፈል ነበር ይላል። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤው የሥራ መደቤን አላየሁትም ነበር።

---

ቁጥር አይዋሽም

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፣ ሁለት አጥቢያዎችን በነፃ ኦዲት አደርጋለሁ። ጥቅሱን ለሌሎች ትቼ ወደ ወረቀቱ ልግባ።

መጀመሪያ ወጪን ከደመወዝ ለዪ። ሕሙም ለመጠየቅ የወጣ ትራንስፖርት የመጋቢው ገቢ አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያኗ ወጪ ነው። አሁን እያደረጋችሁ ያላችሁት መጋቢው በየወሩ ለቤተ ክርስቲያኗ በስውር መባ እንዲሰጡ ማስገደድ ነው። «ትንሽ ናት» ያሉትን ለሦስት ወር ብቻ በማስታወሻ እንዲይዙ ለምኛቸው። ደረሰኝ ባይኖር እንኳ ቀንና ምክንያት ይጻፍ። ድምሩን ስታዪው ትንሽ እንዳልሆነች ይገባሻል። የበጀት መስመር ይከፈትለት፣ «የአገልግሎት ወጪ» ተብሎ።

4 ዓመት አልተጨመረም ያልሽውን በቁጥር ላሳይሽ። ዋጋ በየዓመቱ 5 በመቶ ብቻ ቢጨምር የዛሬው ደመወዝ የዚያን ጊዜውን 82 በመቶ ያህል ነው የሚገዛው። 10 በመቶ ቢጨምር 68 በመቶ። ኮሚቴሽ ደመወዝ አልጨመርንም ይላል። እውነቱ ግን በየዓመቱ ቀንሰዋል፣ ድምፅ ሳይሰጡበት። እኔ ስብሰባ ላይ ይህንን ብቻ ነው በትልቁ ጽፌ የማሳየው። ሰው ጭማሪ ሲባል ይኮማተራል፣ ቅናሽ ሲባል ግን ይደነግጣል።

ስለ ልኩ ጠየቅሽ። ሰው ሁሉ የሚስማማበት ልክ የለም። እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ። ከአባሎቻችሁ መካከል በትምህርትም በኃላፊነትም እሳቸውን የሚመስል ሰው፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ እንዴት ነው የሚኖረው? ከአጥቢያው መካከለኛ ቤተሰብ በላይ አያኑሯቸው፣ በታችም አያኑሯቸው። ሀብታሙ አባል ከፍ፣ ድሃው አባል ዝቅ ብሎ ሳያያቸው ሁለቱንም መምከር ይችላሉ።

ጡረታን በተመለከተ «የመጋቢ ልጅ» የተናገረችው ልክ ነው። የአጥቢያ ቤት ውስጥ መኖር ዛሬ ይጠቅማል፣ በጡረታ ቀን ግን ባዶ ነው። ቤት ከሰጣችሁ ከጎኑ የሚጠራቀም ነገር ይኑር። መዋጮው ከደመወዙ ጋር አብሮ ይውጣ፣ «ሲመጣ እናያለን» አይባል። ደብዳቤም ይጻፍላቸው። ደመወዙ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ የዓመት ፈቃድ፣ ደመወዙ በየዓመቱ የሚገመገምበት ወር። ወሩ ከተጻፈ አጀንዳው ራሱ ይመጣል፣ ማንም ማንሳት የለበትም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እዚያ ላይ ይሞታል።

በመጨረሻ ስለ ስብሰባው። ስለ ሰውዬው ደመወዝ ሰውዬው ፊት አይወራም። ሊቀ መንበሩ አስቀድሞ ያነጋግራቸው፣ አጀንዳው ሲደርስ ይውጡ። አሁን እዚያ ተቀምጠው «ወደሚቀጥለው እንለፍ» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው?

አዎ፣ እሳቸውም ሆኑ ቤተሰባቸው ድምፅ አይሰጡም፣ ቼክ ላይም ብቻቸውን አይፈርሙም። ይኼ «አንዴ የተቃጠለ» ለሚለው ወንድም ነው።

---

አንዴ የተቃጠለ

እንደዚህ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ። እውነቴን ነው።

---

ሣጥን ጠባቂ

ምን ሆነ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ስብሰባው ትናንት ነበር።

በፊት ሊቀ መንበሩን ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። ወረቀቶቹን አላሳየኋቸውም። የሌላ ሰው ገመና መሰለኝ። ያሳየኋቸው የራሴን መዝገብ ነው፣ ደመወዝ የተከፈለባቸውን የ12 ወር ቀኖች። ከሥሩ ዘዳግም 24፥15ን ጻፍኩበት። ደመወዙን በቀኑ ስጠው፣ ፀሐይም አይግባበት የሚለውን። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ይሄን ያደረግነው እኛ ነን?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። «አይ፣ እኛ ነን» አሉኝ።

አጀንዳው ሲደርስ መጋቢያችን እንዲወጡ ተጠየቁ። ቶሎ ተነሱ። እንደዚያ ቶሎ ሲነሱ አይቼ አላውቅም።

የ68 በመቶውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። «ጥሪ እንጂ ሥራ አይደለም» ያሉት ሽማግሌ አሁንም ያንኑ አሉ። ከዚያ ግን የጡረታው ነገር ሲነሳ ዝም አሉ። ራሳቸው ጡረተኛ ናቸው፣ የመንግሥት። ቆይተው «የጡረታውን እኔ እደግፋለሁ» አሉ። የደመወዙን ግን አልደገፉም። ሰው ነገር ነው።

የተወሰነውን ልንገራችሁ። የአገልግሎት ወጪ መስመር ተከፈተ። የደመወዝ ቀን ወሩ በገባ በ25 ሆነ፣ ከመብራቱም ከብድሩም በፊት። የሚገመገምበት ወር ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈ። የጡረታ መዋጮ ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት ይጀምራል። ጭማሪው ከጠየቅኩት ግማሹ ጸደቀ። ግማሹስ? አዎ፣ በጸሎት ተይዟል። የከረጢቱን ነገር ደግሞ እኔው ራሴ አቆምኩት፣ አጀንዳም አላስያዝኩትም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ መጋቢያችን ቢሮ ገባሁ። ውሳኔውን ሊቀ መንበሩ ነግረዋቸዋል። ብዙም አላወሩበት። የዘገየሁባቸውን ወራት አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «አንቺ ምን አደረግሽ» አሉኝ። መልሼ አልተከራከርኩም።

አራቱን ወረቀቶች ከሣጥኑ አውጥቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ሒሳቡ ተወራርዷል፣ እኔ ዘንድ መቀመጥ የለባቸውም አልኳቸው። ተቀበሉኝ። ሊቀዷቸው ነው ብዬ ስጠብቅ አንዱን ገለበጡና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የመዝሙሩን ቁጥር አነበቡ።

«ይቺን ዘምረናታል እንዴ?» አሉኝ።

አላስታውስም አልኳቸው።